«ቂ»ን «ጊ» ያደረገው አራሚ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቆቦ ላይ ሰው ባገኘኝ ቁጥር የሚያበሽቀኝ ጥያቄ አንድ ነው። «እትዬ አልጋነሽ፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ይጽፋል፣ ራሱ ያርማል አሉ፤ ታዲያ እናንተ ያን ሁሉ ዘመን ምን ስትሠሩ ኖራችሁ?» ይሉኛል። ባጃጅ ነጂው ይለኛል፣ የጡረታ ጓደኞቼ ይሉኛል፣ የገዛ ወንድሜ ሳይቀር ይለኛል። እኔም ስቄ አላልፍም፤ ተፈጥሮዬ አይደለም። «እስቲ መታወቂያህን አውጣና ስምህን እየው። ልክ ከሆነ አመስግነኝ፤ ካልሆነ ደግሞ የጻፍኩት እኔ አይደለሁም» እላለሁ። ብዙዎቹ እውነትም ኪሳቸው ገብተው አውጥተው ያያሉ።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ጥያቄ አንድ ጊዜ ሙሉ መልስ ሰጥቼ ለመገላገል ነው። ዕድሜዬ ያለቀው ፊደል ላይ ነው። ከሮቢት ዋጃ፣ ከዋጃ ቆቦ፣ ከጽሕፈት መኪና ወደ ኮምፒውተር። የሥራ መደቤ «ታይፒስት» ይል ነበር፤ ደመወዙም እንደ መደቡ ነበርና እሱን ልተወው። ሰው የሚያውቀኝ ግን አራሚ ብሎ ነው። በየቢሮው «ይህን አልጋነሽ አይታዋለች?» ሳይባል ማኅተም የማይመታበት ጊዜ ነበር። ይህን ስል ጉራ ከመሰለ ይምሰል፤ እውነት ነው።

ሥራ የጀመርኩት ሮቢት ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ዳር በነበረች ባለ ሁለት ክፍል ቢሮ ነው። መኪና ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ አቧራው ቀጥ ብሎ መጥቶ ወረቀታችን ላይ ያርፋል። አለቃዬ ጋሽ ግደይ ነበሩ። ቤተሰቦቻቸው ከደቡብ ትግራይ ለንግድ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ እሳቸው ግን ንግዱን ለወንድሞቻቸው ትተው ከጽሕፈት መኪና ጋር ተጋቡ። ሲቆጡ በአማርኛ ነው፣ ሲያሞግሱ በትግርኛ። «ጓለይ» ካሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነውና፣ ያን ቀን ከደስታዬ ብዛት ምሳ አያሰኘኝም። «ወይዘሪት አልጋነሽ» ካሉኝ ግን የሆነ ቦታ አንድ ፊደል ገድፌአለሁ ማለት ነው።

የዛሬ ልጆች የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ምን እንደነበር አያውቁም። ለፊደላችን ብዛት ቁልፉ አይበቃም፤ ስለዚህ አንዱን ፊደል ለማውጣት ሁለቴ እንመታለን፣ መጀመሪያ ፊደሉን፣ ቀጥሎ ጭረቱን። ጭረቷ ትንሽ ከሸሸች «ቡ» ይሁን «ቢ» የሚያውቀው መኪናው ብቻ ነው። ለማባዣ በምንመታው የሰም ወረቀት፣ በስቴንስሉ ላይ ደግሞ ስሕተት ከተገኘ በማጥፊያው ቀለም ቀብተን፣ እፍ እፍ ብለን፣ እስኪደርቅ ጠብቀን እንደገና መምታት ነው። ስሕተት ጊዜ ያስከፍል ስለነበር ሰው ሳይጽፍ በፊት ያስብ ነበር።

ጋሽ ግደይ ሦስት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው፣ ወረቀት ሲያርሙ ከታች ወደ ላይ ነው የሚያነቡት። የመጨረሻውን ቃል ይጀምሩና፣ በማሽላ አገዳ ስንጥር እየነኩ፣ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያሉ አርዕስቱ ላይ ይደርሳሉ። መጀመሪያ ሳያቸው ሰውዬው አእምሯቸው ተነክቷል ብዬ ነበር። «ዓይን ሰነፍ ነው» አሉኝ፤ «የሚያውቀውን ቃል ሲያይ ግማሹን አይቶ ያልፋል። ከታች ስትጀምሪው ግን ነገሩ ስለማይገባው ፊደሉን ከማየት ሌላ ምርጫ የለውም።» ሞክሬው ልክ ሆኖ አገኘሁት። እስከ ዛሬ የሠርግ ጥሪ ካርድ ሲደርሰኝ እንኳ ከታች ነው የምጀምረው፤ ለዚህም ነው ከሙሽሮቹ በፊት የማተሚያ ቤቱን ስም የማውቀው።

ሁለተኛው፣ የገበሬ ቃል ሲቀበሉ ሰውዬውን ሦስቴ ያስደግሙታል። «ቃሉ የሱ ነው፣ ፊደሉ የኛ ነው» ይላሉ። ያላለውን ቃል፣ ያማረ መስሏቸው እንኳ ቢሆን፣ አያስገቡም። ሦስተኛው ከሁሉ የከረረ ነው፤ «ካነበብሽው በኋላ የተነካ ወረቀት ያልተነበበ ወረቀት ነው» ይላሉ። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ከተጨመረች ሙሉው ገጽ እንደገና፣ ከታች ወደ ላይ፣ አንዱ እያነበበ ሌላው እያዳመጠ። ሰው ይሰለቻቸው ነበር። እኔም ሰልችቻቸው አውቃለሁ። ግን በሳቸው ጊዜ ከዚያ ቢሮ የወጣ ወረቀት ተመልሶ ሲመጣ አላየሁም።

ዋጃ የተዛወርኩት ጋሽ ግደይ ጡረታ ሲወጡ ነው። እዚያ የደረሰብኝን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ኃላፊያችን ከሩቅ አገር አዲስ የተመደቡ፣ ደግ ግን ችኩል ሰው ነበሩ። የግብርና ባለሙያው የክረምቱን ሪፖርት በእጅ ጽፎ ሰጠኝና መታሁት። እንዲህ ይላል፦ «በዘንድሮው ክረምት በሦስት ቀበሌዎች ጠለፋ በሰፊው ተካሂዷል፤ አርሶ አደሩም ከፍተኛ ተሳትፎ አድርጓል፤ በሚመጣው ዓመትም ተጠናክሮ ይቀጥላል።» ኃላፊው አንብበው ከወንበራቸው ተነሡ። «ጠለፋ? ተጠናክሮ ይቀጥላል? የሰው ልጅ መጥለፍ?» ብለው ለፖሊስ አዛዡ ስልክ ደወሉ። አዛዡ የራያ ልጅ ነው፤ ከስልኩ ማዶ ሳቁ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል።

እዚህ ቆላው ላይ ጠለፋ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበን ጎርፍ ነው። ደጋው ላይ ዝናብ ሲጥል ውሃው ደፍርሶ ወደኛ ይወርዳል፤ ገበሬው መንገድ ላይ ጠልፎ በቦይ ወደ ማሽላው ያስገባዋል። የራያ ማሽላ የሚበላው ያን ነው። ኃላፊው ይህን ሲሰሙ አፍረው ሳቁ፣ ከዚያ በኋላ ያልገባቸውን ቃል ሳይጠይቁኝ ፈርመው አያውቁም። እኔ ከዚህ የያዝኩት ትምህርት አንድ ነው፦ ቃል በትክክል ተጽፎም ሰው ሊያስደነግጥ ይችላል።

ቆቦ ስመጣ ኮምፒውተር ገብቶ ነበር። የመጀመሪያው ወር ላይ የጻፍነው አማርኛ ሁሉ ከሥሩ ቀይ ትል የመሰለ መስመር ይሰመርበት ነበር። ማሽኑ እንግሊዝኛ መስሎት ነው፤ አንድም ቃል አያውቅም። አንዱ አለቃችን ስክሪኑን አይተው «ይህ ሁሉ ስሕተት ነው?» ብለው ሊገሥጹን ሁሉ ነበር። ኋላ ኋላ ግን እውነተኛው የአማርኛ ማረሚያ መጣ፤ የማላውቃቸው ወጣቶች የሠሩት። መጀመሪያ የጎሪጥ አየሁት፣ ከዚያ ወደድኩት። ለምን እዋሻለሁ? ሰው «ስብሰባ»ን «ስብሳባ» ብሎ የጻፈ እንደሆነ ወዲያው ይይዛል። ሁለቴ የተጻፈ ቃል አያመልጠውም። ከሰዓት በኋላ ቆላው ሲግል የሰው ዓይን ይፈዛል፤ እሱ አይፈዝም። ጋሽ ግደይ በሕይወት ቢኖሩ ፊት ለፊት «ወይዘሪት» ብለው፣ ዞር ሲሉ «ጓለይ» የሚሉት ይመስለኛል።

ግን አገራችንን አያውቃትም። «ዋጃ» ስጽፍ «ዋጋ» ለማለት ፈልገሽ ነው ወይ ይለኛል። «ቆቦ»ን «ቆብ» ያደርጋታል። የባሰው ደግሞ ሮቢት ነው፤ አንድ ጊዜ «የሮቦት ነዋሪዎች የመንገድ ጥገና ጠየቁ» የሚል ደብዳቤ ከኔ ጎን ካለው ጠረጴዛ ተጽፎ ሊወጣ ሲል ያዝኩት። የሮቢት ሰው እስከ ዛሬ አላወቀልኝም። ስሕተት ባገኘሁ ቁጥር እየጻፍኩ ለሠሪዎቹ እልክላቸው ጀመር፤ እነሱም ጨዋ ናቸው፣ «እናመሰግናለን እማማ» ይሉኛል። እማማ የሚለው ባይዋጥልኝም ዝም አልኩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

ጡረታ ስወጣ ቤት መቀመጥ አልሆነልኝም። ድሮ ከኔ ሥር የሠራች ሙሉ የምትባል ብርቱ ሴት፣ ከሚኒባስ መናኸሪያው ፊት ለፊት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ከፍታለች። የሠርግ ካርድ፣ የዕድር ማስታወቂያ፣ ማመልከቻ ነው ሥራዋ። ሲያሻኝ ሄጄ አርምላታለሁ፤ እሷም ሻይ ታስመጣልኛለች። አንድ ቀን እዚያ ተቀምጬ ሳለ ወይዘሮ ብርቄ ገባች። ብርቄን ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ከጎሊና ወንዝ ወዲያ ማዶ የምትኖር ገበሬ ናት።

የብርቄ ጣጣ እንዲህ ነው። አስናቀ የሚባል አንድ ልጅ አላት። አስናቀና ወዳጆ የሚባል ጎረቤቱ አብሮ አደጎች ነበሩ፤ ማሳቸው ኩታ ገጠም ነው፣ ጎርፍ የሚያስገቡትም በአንድ ቦይ ነው። በአንድ ክረምት የጎርፍ ተራ የኔ ነው፣ የኔ ነው ተባባሉ። ቦዩ አፍ ላይ ተያያዙ፣ አስናቀ አካፋ አነሣ፣ ወዳጆ ሞተ። አስናቀ ተፈርዶበት ታስሮ፣ ጊዜውን ጨርሶ ወጣ። መንግሥት ጨርሷል፤ ደሙ ግን አልደረቀም። ደም መላሽ የሚሆን የወዳጆ ወንድም ደርቤ አለ። ስለዚህ አስናቀ ከእስር ከወጣ ጀምሮ ከእናቱ ጎጆ ደጅ አይወጣም። ማሳውን ሌላ ያርሰዋል፤ ወፍጮውንም፣ ገበያውንም፣ ቀብሩንም፣ ሠርጉንም እናቱ ናት የምትሄደው።

«አልጋነሽ እህቴ» አለችኝ፣ ወንበር ስሰጣት እንቢ ብላ መሬት ላይ ቁጭ ብላ፤ «ታስሮ ሳለ ይሻል ነበር። እስር ቤት እንኳ ግቢ አለው፣ ሰማይ ያያል። አሁን ሽማግሌዎቹ እሺ ብለዋል፣ ደርቤም ከስንት ልመና በኋላ እሺ ብሏል። ወረቀቱን አንቺ ጻፊልኝ። ሌላ ሰው እንዳይነካው።»

ደም አድራቂ ሽማግሌ ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልበል። ደም የተቃቡ ሁለት ወገኖችን አስማምተው፣ አስምለው፣ በቀሉን የሚያስቀሩ ሰዎች ናቸው፤ ደሙን ያደርቁታል እንላለን። ድሮ ቃላቸው ብቻ ይበቃ ነበር። አሁን ግን በጽሑፍ ሆኖ ሁለቱም ወገን ፊት ይነበባል፣ ይፈረማል፣ አንድ ቅጂ ለመንግሥት ይሰጣል። የሽማግሌዎቹ አለቃ አያ መርሻ ይባላሉ፤ ሱቅ ድረስ መጥተው ቃሉን ነገሩኝ፣ ሦስቴ አስደገምኳቸው፣ ጻፍኩት። «ገዳይ» የሚለው ቃል በዕርቅ ወረቀት ላይ ይከብዳል አሉኝ፤ እኔም አስናቀን በስሙ ጻፍኩት። ወዳጆን ግን መግቢያው ላይ አንድ ጊዜ በስሙ ጠርቼ፣ «ከዚህ በኋላ ሟች እየተባለ የሚጠራው» ብዬ እንደ ደንቡ ቀጠልኩ። ከሙሉ ጋር ከታች ወደ ላይ አነበብነው፤ እኔ አነበብኩ፣ እሷ አዳመጠች። አንድ ግድፈት አልነበረበትም። «በቃ አትሚው» ብያት ወደ ቤቴ ሄድኩ።

የዕርቁ ቀን ከወንዙ ማዶ፣ ሾላው ሥር ሰው ተሰበሰበ። የወዳጆ ወገን በአንድ በኩል፣ የአስናቀ ወገን በሌላ በኩል፣ ሽማግሌዎቹ መሐል። አስናቀ እንደ ይቅርታ ጠያቂ ወግ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ አጎንብሷል። ብርቄ ከኋላ ናት፤ እኔንም እጄን ይዛ አጠገቧ አስቀምጣኛለች። የቀበሌው መምህር ወረቀቱን ገልጦ ጀመረ፦ «እኛ ከዚህ በታች ስማችን የተጠቀሰው ደም አድራጊ ሽማግሌዎች...»

ጆሮዬን አላመንኩም። ጉርምርምታ ተነሣ፣ ግን ቀጠለ። መምህር ነውና የተጻፈውን ነው የሚያነብ። ሁሉንም አንብቦ የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ሲደርስ እንደገና «ደም አድራጊ ሽማግሌዎቹ ተስማምተው» አለ።

«ቆይ!» አለ ደርቤ፣ ከተቀመጠበት ተነሥቶ። «ምን አድራጊ ነው ያልከው?»

መምህሩ ወረቀቱን አስጠግቶ አየው። «ደም አድራጊ ይላል።»

«ሰማችሁ? ደም አድራጊ! እንዲህ ያለ ሽማግሌ ፊት ነው የወንድሜን ደም የማደርቀው?»

አያ መርሻ በዱላቸው መሬቱን መቱት። «ወይ እመቤቴ! ስንት ደም ያደረቅሁ ሰውዬ፣ ጥርሴ እስኪረግፍ በሰው ጠብ መሐል የኖርኩ፣ ዛሬ በወረቀት ደም አድራጊ ተባልኩ? ማን ነው የጻፈው?»

ሁሉም ተነሣ። የደርቤ ወገኖች እየተነጫነጩ ሄዱ። አስናቀን ድንጋዩን ከማጅራቱ አውርደው፣ ዘመዶቹ ከበውት እየሮጡ ወደ ጎጆው ወሰዱት። ብርቄ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አፈሩን በጥፍሯ ትጭራለች። ቀና ብላም አላየችኝ። ባየችኝ ይሻለኝ ነበር።

በባጃጅ በርሬ ሱቁ ደረስኩ። ሁኔታዬን ስታይ ሙሉ ገና ሳልናገር ማልቀስ ጀመረች። ነገሩ እንዲህ ነው፦ እኔ ከሄድኩ በኋላ አያ መርሻ ስልክ ደውለው የአምስተኛውን ሽማግሌ ስም ጨምሩልኝ አሏት። ጨመረች። መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ሳይጠፋ ላትመው ብላ ስትቸኩል ማረሚያው ሙሉውን ወረቀት ፈትሾ «የሚስተካከሉ አሉ» አላት፤ እሷም «ሁሉንም ተቀበል» የሚለውን ነካችው። ማሽኑ «አድራቂ» የሚል ቃል አያውቅም። «አድራጊ»ን ያውቃል። ቂን አወጣ፣ ጊን አስገባ። መስመሩም ጠፋ፣ ወረቀቱም ንጹሕ ሆነ።

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል» አልኳት፤ «አንቺ ግን ያፈሰስሽው የሚለቀም አይደለም።» ጨክኜ ተናገርኳት፤ ተናድጄ ነበር፣ ዛሬም ስጽፈው ያናድደኛል። ከዚያ ለማረሚያው ሠሪዎች ደወልኩ። አንድ ትሑት ድምፅ ያለው ልጅ አነሣ። ነገሩን አስረዳሁት።

«በጣም አዝናለሁ እማማ። ቃሉን እንጨምረዋለን። ለመሆኑ በጽሑፍ ውስጥ ስንት ጊዜ ይገኛል? እኛ የምንጨምረው በብዛቱ ነው።»

«እዚህ አገር ደም በፈሰሰ ቁጥር ይገኛል» አልኩት።

«ገባኝ» አለ፤ እውነትም ሰሞኑን ጨምረውታል። ማሽኑ ዛሬ «አድራቂ»ን ሲያይ እንደ ዘመድ ያልፈዋል። ለብርቄ ግን ይህ ምን ይጠቅማታል?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ በማግሥቱ ብቻዬን ደርቤ ቤት ሄድኩ። አያ መርሻ «የሰደበኝን ወረቀት ይዤ አልሄድም» ብለው ቀርተዋል። ደርቤ ለበሬዎቹ አገዳ እየቆረጠ ነበር። ሲያየኝ ማጭዱን አስቀመጠና በርጩማ አወጣልኝ፤ ጨዋ ልጅ ነው። የሆነውን ሁሉ፣ መብራቱንም፣ ማሽኑንም፣ ቂና ጊንም ነገርኩት። እየሰማኝ አገዳውን ይልጣል።

«እትዬ» አለኝ ስጨርስ፤ «እኔም እኮ ፊደል ቆጥሬያለሁ። የፊደል ስሕተት መሆኑን ያኔውኑ አውቄዋለሁ። አያ መርሻን ደም አድራጊ ብሎ የሚጽፍ እብድ የለም።»

«ታዲያ ለምን አፈረስከው?»

አገዳውን ጣለው። «አንቱ አልነበሩም የጻፉት? እስቲ ያስታውሱት። አስናቀ እንዲህ አደረገ፣ አስናቀ ተጸጸተ፣ አስናቀ ይቅርታ ጠየቀ። ገዳዩ ከላይ እስከ ታች ስም አለው። ወንድሜስ? ሟች፣ ሟች፣ ሟች! ከዚህ በኋላ ሟች እየተባለ የሚጠራው ይላል። ማን ነው እንዲህ ተብሎ ይጠራ ያለው? እናቴ ያወጣችለት ስም አልነበረውም? ግን ይህን ብዬ ዕርቅ ባፈርስ ሰው ምን ይለኛል? ከዚያ ያ ቃል ሲመጣልኝ እሱን ያዝኩ።»

«ሟች» የሚለውን ቃል በሕይወቴ ስንት ወረቀት ላይ መትቼዋለሁ። ከታች ወደ ላይ ሳነብም አልፌዋለሁ፤ ፊደሉ ልክ ነዋ! ማሽኑም አላሰመረበትም። ደንቡም ልክ ነው፣ ሰዋስውም ልክ ነው። የሞተው ልጅ ወንድም ፊት ተቀምጬ ግን ቃሉ እንደ ጅራፍ ተሰማኝ። «ነገ ሱቅ ና» አልኩት፤ «አንተ እያለህ እጽፈዋለሁ።»

መጣ። ሙሉ በሩን ዘግታ አጠገባችን ተቀመጠች፤ አያ መርሻም ሙሉ ለምናቸው፣ እያጉረመረሙ መጡ። «ሟች»ን ሁሉ በአንድ ነክቶ በ«ወዳጆ» መተካት ይቻል ነበር፤ ማሽኑ ለዚህ ጎበዝ ነው። አልፈለግሁም። አንድ በአንድ፣ «ሟችን» የሚለውን «ወዳጆን»፣ «የሟች» የሚለውን «የወዳጆ» እያልኩ በእጄ መታሁት። አንዱን ዐረፍተ ነገር ግን ከነጭራሹ ቀየርኩት፦ «አስናቀ ወዳጆን በአካፋ መታው።» ድሮ «በሟች ላይ ጉዳት ደረሰ» ነበር የሚለው። አያ መርሻ አንገታቸውን ደፉ እንጂ ይውጣ አላሉም።

ስሙ በተጻፈ ቁጥር ከሥሩ ቀዩ መስመር ብቅ ይላል። ደርቤ በጣቱ አሳየኝ።

«ይህ ምንድነው? ምን አጠፋ?»

«ምንም አላጠፋ። ማሽኑ ስለማያውቀው ነው። ወዳጅ ማለትሽ ነው ወይ እያለኝ ነው።»

ደርቤ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። «ወዳጁ ነበር እኮ» አለ፤ «ከአንድ ቦይ ነበር የሚጠጡት።» እንባው መጣ፤ አልደበቀውም። እኔም አላስቻለኝም። «ወደ መዝገበ ቃላት ጨምር» የሚለውን ነካሁና ቀዩ መስመር ከሁሉም ቦታ ባንድ ጊዜ ጠፋ።

«አሁን አወቀው?»

«አወቀው።»

ታትሞ እንደወጣ ወረቀቱን ማንም እጅ አላስገባሁም። ደርቤ ራሱ እያነበበ፣ እኔ እያዳመጥኩ፣ ከታች ወደ ላይ ሄድንበት። ከዚያ አጥፌ ጉያዬ ውስጥ ከተትኩት፤ እስከ ዕርቁ ቀን ድረስ ማንም አልነካውም።

ሾላው ሥር ሁለተኛ ጊዜ ስንቀመጥ ሰው ከመጀመሪያው ያነሰ ነበር፤ ብዙው ይፈርሳል ብሎ ቀርቷል። መምህሩ እጁን ሲዘረጋ ደርቤ «እኔ አነበዋለሁ» አለ። ቆሞ አነበበው። «ደም አድራቂ» ሲል አያ መርሻ ጢማቸውን እየዳበሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወዳጆ» ሲል ግን ቆመ፣ ስሙን ደግሞ ጠርቶ ቀጠለ። አስናቀ ድንጋዩን እንደተሸከመ፣ ከእስር ከወጣ ጀምሮ ሰው ፊት ያልጠራውን ስም ጠራ፦ «ወዳጆዬን!» አለና መሬት ላይ ተደፋ። ደርቤ ወረቀቱን ለመምህሩ ሰጠው፣ ሄደ፣ ድንጋዩን በገዛ እጁ ከማጅራቱ አነሣለት። ሽማግሌዎቹ «ይድረቅ!» አሉ፤ ሁለቱም ወገን «ይድረቅ!» ብሎ መለሰ። እኔም ጮኼ ነበር የመለስኩ፣ ጉሮሮዬ ለሳምንት ታሟል።

ከተፈረመ በኋላ ሰው ሲበተን ብርቄ ቆማ ቀረች። ወዴት እንደምትሄድ የጠፋባት ትመስል ነበር። ቀኑ የገበያ ቀን ነው፤ በአስፋልቱ በኩል ግመሉም አህያውም ወደ ቆቦ ይጎርፋል። ልጇ አጠገቧ ቆሞ እንደ ልማዱ እሷ እስክትነግረው ወደ ጎጆው ያያል። ብርቄ ነጠላዋን ፈታ እንደገና አጣፋችና፣ ሽማግሌዎቹም፣ ደርቤም፣ ሁላችንም እየሰማን፣ ቆጣ ብላ ተናገረችው።

«ምን ትገተራለህ? እኔ ደክሞኛል። ሂድና ከገበያ ጨው ግዛልኝ።»